«ዛሬ የት ልሂድ?» ለሚል ሰው ድረ ገጽ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አዲስ አበባ ውስጥ የሚካሄዱ ዝግጅቶችን የሚዘረዝር ትንሽ ድረ ገጽ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። ኮንሰርት፣ ቴአትር፣ የሥዕል ዐውደ ርእይ፣ የመጽሐፍ ምረቃ፣ ባዛር፣ ያገኘነውን ሁሉ እንለጥፍ ነበር። ሰው ግን አይመጣም። የመጣውም አይመለስም። አሁን ይህንኑ ሥራ የጀመሩ ልጆች ምክር ሲጠይቁኝ፣ ያኔ እኛ የምናምናቸውን ነገሮች መልሰው ይነግሩኛል።

«ብዙ ዝግጅት ከለጠፍን ብዙ ሰው ይመጣል»

አይመጣም። ዓርብ ከሥራ ወጥቶ ስልኩን የሚከፍት ሰው ስድሳ ፖስተር ማየት አይፈልግም። የሚፈልገው ታክሲ ተሳፍሮ ቢሄድ በሩ ክፍት ሆኖ እንደሚያገኘው ማወቅ ነው። እኛ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ያየነውን ፖስተር ሳንደውል ሳናጣራ እንገለብጥ ነበር። አንድ ቀን ቦታው የተቀየረ ዝግጅት በድሮው አድራሻ ለጠፍን። ማታ አንዲት ሴት ደወለች። «ቦሌ ጨለማ ውስጥ ያቆማችሁኝ እናንተ ናችሁ?» አለች። ምን ይመለሳል?

በማግስቱ ሕግ አወጣን። አዘጋጁ ጋር ያልደወልንበት ዝግጅት አይለጠፍም። ዝርዝሩ በጣም አጠረ፤ ተመላልሶ የሚያየን ሰው ግን ከዚያ በኋላ ነው መታየት የጀመረው።

«ቀንና ሰዓት መጻፍ ምን ይከብዳል?»

እኛ አገር ይከብዳል። ሁለት የቀን መቁጠሪያና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ይዘን ነው የምንኖረው። ፖስተሩ ላይ «7፡00» ብቻ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ከቀኑ 7 ሰዓት ነው? ወይስ ፈረንጆቹ ከሰዓት በኋላ 7 የሚሉት፣ የእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት? ቀኑ ደግሞ ይብሳል። «ኦክቶበር 5» የሚል መረጃ ደርሶን «ጥቅምት 5» ብለን ተርጉመን አውጥተናል። ኦክቶበር 5 ብዙውን ጊዜ የሚውለው መስከረም 25 ነው። አሥር ቀን ዘግይተን ሰው ጠራን ማለት ነው! እኛን አምኖ የመጣ ሰው ያገኘው የተጠረገ አዳራሽ ነው።

መፍትሔው ዕለቱን ማስቀደም ነው። «እሑድ፣ መስከረም 25 (ኦክቶበር 5)፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። አብዛኛው ሰው ቀጠሮ የሚይዘው በዕለት ስለሆነ፣ ቀኑ ቢሳሳት እንኳ ዕለቱ ስሕተቱን ያጋልጠዋል። የፈረንጁ ቀን የሚያስፈልገው ለውጭ ዜጋ ብቻ አይደለም። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለገና መጥቶ ወገኖቹ ጋር የሚሰነብት ሰው ፕሮግራሙን የሚያወጣው በፈረንጁ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ፣ ይኼኛው ከጀርባ ነው። ሲስተሙ ውስጥ የእኛን 1 ሰዓት «1፡00» ብላችሁ ካስገባችሁ፣ «ወደ ካላንደር ጨምር» የሚለውን የተጫነ አንባቢ ስልኩ የሚቀሰቅሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። ሲስተሙ ውስጥ 19፡00 ብሎ መመዝገብ፣ ለአንባቢው ግን በእኛ አቆጣጠር ማሳየት ነው። ጉግል ዝግጅቶችን ለይቶ እንዲያውቅ ከገጹ ጀርባ የሚጻፈው መረጃም እንዲሁ ነው፤ የእኛ የሰዓት ክልል ፕላስ 3 (ከግሪንዊች ሰዓት በሦስት ሰዓት የሚቀድም) መሆኑ አብሮ ይግባ።

«ሰው ፈልጎ ካላገኘ ዝግጅቱ የለም ማለት ነው»

ይሄኛውን ለመረዳት አንድ ዓመት ፈጅቶብናል። ድረ ገጻችን ላይ መፈለጊያ ሳጥን ነበረች። ሰዎች ይጽፉባታል፣ ምንም አይወጣላቸውም፣ ይሄዳሉ። ምን ጽፈው እንደነበር ገብተን ስናይ ገረመን። እኛ «ቴአትር» ብለናል፤ እነሱ «ቲያትር»፣ «ትያትር» ይላሉ። እኛ «ዐውደ ርእይ»፣ እነሱ «አውደ ርዕይ» ወይም በቀጥታ «ኤግዚቢሽን»። ሀገር ፍቅርን በሐመሩ ሐ የሚጽፍ ስንት ሰው አለ!

አንባቢውን ፊደል ማረም የእኛ ሥራ አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ፍለጋው ላይ እንደ አንድ ፊደል እንዲቆጠሩ አድርጉ። ፕሮግራመር ለሆነ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፉትን ደግሞ አትርሱ፤ ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ሌላው ስሕተት ዝርዝሩን ሁሉ ፖስተሩ ውስጥ ትቶ ምስሉን ብቻ መለጠፍ ነው። የመፈለጊያ ሳጥኗ ምስል አታነብም። ከባድ ምስል የሰውን የሞባይል ዳታም ይበላል።

«ቴሌግራም ቻናል ካለን ድረ ገጽ ለምኔ?»

ቴሌግራም ጥሩ ነው፤ ሰዉ ያለው እዚያ ነው። ግን ቻናል ወራጅ ውኃ ነው። ማክሰኞ የተለጠፈው ዝግጅት ቅዳሜ ሲደርስ ከመቶ ፖስት ሥር ተቀብሯል። ከፖስቱ ሥር ያለችው የዓይን ምልክት ደግሞ ታታልላለች። አምስት ሺህ ሰው አየው ማለት አምስት ሺህ ሰው ጣቱን አሳልፎበታል ማለት ነው። እኛ ጋር የሠራው ሐሙስ ማታ አምስት ዝግጅት ብቻ መርጦ፣ ለምን እንደተመረጡ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ፣ ከነሊንካቸው መላክ ነበር። ሐሙስን የመረጥነው፣ ሰው ቅዳሜና እሑድን ማሰብ የሚጀምረው ያኔ ስለሆነ ነው።

«ቁጥሩ ከወረደ ሰው ጠልቶናል»

ሁዳዴ ገብቶ ይሆናል። 55 ቀን ሙሉ የጭፈራና የኮንሰርት ገጻችሁ ጭር ቢል አትደንግጡ። በዚያ ወቅት ቴአትር፣ ሥዕል፣ የመጽሐፍ ውይይት፣ የእግር ጉዞ አስቀድሙ። ረመዳን ሲሆን ደግሞ የምሽት ሰዓቶችን ከኢፍጣር ጋር አያይዛችሁ አስቡ። በበዓላት ዋዜማ ባዛር የት እንዳለ የማይጠይቅ የለም።

ዝግጅት ማለት የዝግጅቱ ቀን ብቻ እንዳልሆነም እዚሁ ላይ ልጨምር። ታላቁ ሩጫ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር ይካሄዳል። ሰዎች ከወራት በፊት የሚጠይቁን ግን ስለ ኅዳር አልነበረም፤ ቲሸርቱ መቼና የት እንደሚሸጥ ነበር። ምዝገባ የሚከፈትበትን ቀን ራሱን እንደ አንድ ዝግጅት ለጥፉት።

«የካርታ ምልክት ካለ አድራሻ ተጽፏል»

«ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ» የሚለው ይበልጣል። ካርታውም ይኑር። የመግቢያ ዋጋውንና የሚያልቅበትን ሰዓት ግን አትዝለሉ፤ ታክሲ ሳይጠፋ ቤቱ ለመግባት የሚያሰላ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

«የተሰረዘ ዝግጅት ወዲያው ይጥፋ»

ከጠፋ ሰዉ መሰረዙን በምን ያውቃል? ገጹ ባለበት ይቆይ፤ ከላይ በቀይ «ተሰርዟል» ወይም «ወደ ሌላ ቀን ተዛውሯል» ይባልበት።

«ላይክና ሼር ከበዛ ተሳትፎ አለ»

ላይክ ሶፋ ላይ ተቀምጦም ይደረጋል። እኛ እያንዳንዱ ዝግጅት ሥር «ስሕተት አለ?» የምትል ቁልፍ አደረግን። የተጫናት ሰው አጭር መልእክት ይጽፋል፣ እኛ ደውለን እናጣራለን፣ ስሕተት ከሆነ እናርማለን፣ ለጻፈውም «አርመነዋል፣ እናመሰግናለን» ብለን እንመልሳለን። የተዘጋ በር ፊት ከቆመ ሰው የበለጠ ዘጋቢ ከየት ይገኛል?

በቁልፏ መጀመሪያ የጻፈችልን ያቺው ቦሌ ያቆምናት ሴት ነበረች። «ዛሬ ደግሞ ካዛንቺስ ነኝ» ብላ ጀመረች። «በሩ ክፍት ነው፤ ግን 12 ሰዓት ያላችሁት 1 ሰዓት ነው የሚጀምረው። ቡና እየጠጣሁ ነው።»