ሊቤሮ ምንድን ነው? ከሞርተን ኦልሰን የእግር ኳስ ሕይወት ጋር

ሊቤሮ የጣልያንኛ ቃል ነው፤ "ነፃ" ማለት ነው። በእግር ኳስ ሊቤሮ የሚባለው ከሌሎቹ ተከላካዮች ኋላ፣ ከበረኛው ፊት የሚቆምና የሚይዘው አጥቂ ያልተመደበለት ተጫዋች ነው። ጓደኞቹ ሰው በሰው ይዘው የተጋጣሚን አጥቂ እንደ ጥላ ሲከተሉ፣ እሱ ማንንም አይከተልም። ነፃነቱ ይህ ነው።

ብዙዎቻችን "የመጨረሻው ተከላካይ" ብለን እናልፈዋለን። ትክክል ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የሚታየው ቡድኑ ኳስ ሲያገኝ ነው፦ ማንንም ያልያዘ ሰው፣ እሱንም የሚይዘው የለም። ኳሱን ይዞ ወደ ፊት ቢወጣ ተጋጣሚው ማን ይግጠመው? አንዱ አማካይ የራሱን ሰው ትቶ መምጣት አለበት፤ ያን ጊዜ ሌላ ቦታ ይከፈታል።

መጀመሪያ ላይ ቦታው ይህ ሁሉ አልነበረውም። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ስዊዘርላንድ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኦስትሪያዊ አሰልጣኝ ካርል ራፓን አንድ ተከላካይ ወደ ኋላ ስቦ ያመለጠውን ኳስ እንዲጠርግ አደረገ። በ1960ዎቹ የሄሌኒዮ ሄሬራ ኢንተር ሚላን በአርማንዶ ፒኪ አማካኝነት ይህን ጥበብ አጠነከረው፤ ፒኪ በዋናነት ጠባቂ ነበር። ቦታውን የማጥቃት መነሻ ያደረገው ጀርመናዊው ፍራንዝ ቤከንባወር ነው። ስለ ቤከንባወር ግን ብዙ ተብሏል። እኔ ሊቤሮን ለማስረዳት የምመርጠው ዴንማርካዊውን ሞርተን ኦልሰንን ነው፤ ምክንያቱም እሱ ወደዚህ ቦታ የደረሰው በረጅም መንገድ፣ ከአገሩም ውጭ ነው።

ኦልሰን በ1949 ቮርዲንግቦር ተወለደ። በዚያ ዘመን ዴንማርክ ውስጥ በእግር ኳስ እንጀራ አይበላም ነበር። የአገሪቱ ፌዴሬሽን በውጭ አገር ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚጫወቱትን ለብሔራዊ ቡድን መጥራት የጀመረው በ1971 ነው፤ በአገር ውስጥ ክፍያ የተፈቀደው ደግሞ በ1978። ኦልሰን በ1972 ወደ ቤልጂየሙ ሰርክል ብሩጅ ሄደ፤ ከዚያ ሞለንቤክ፣ በ1980 ደግሞ አንደርሌክት። ሲጀምር ተከላካይ አልነበረም፤ ከፊት ተነስቶ በአማካይ በኩል አልፎ ነው ወደ ኋላ የመጣው። ለእኔ የሊቤሮነቱ ምስጢር እዚህ ላይ ነው፦ ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ የሚያስበው እንደ አማካይ ነበር።

ከአንደርሌክት ጋር ሦስት ጊዜ የቤልጂየም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1983 ቤንፊካን አሸንፈው የዩኤፋ ዋንጫን አነሱ። በዓመቱ እንደገና ለፍጻሜ ደረሱ፤ ብራስልስ ላይ ከቶተንሃም ጋር 1 ለ 1 ሲለያዩ የአንደርሌክትን ግብ ያስቆጠረው እሱ ነው። ለንደን ላይ በመለያ ምት ሲሸነፉ የመጀመሪያውን ምት የመታውና በበረኛው የተያዘበትም እሱ ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ያሳዝነኛል።

የዴንማርክ አሰልጣኝ ጀርመናዊው ሴፕ ፒዮንቴክ የአጨዋወቱን መሠረት የጣለው በእሱ ላይ ነበር። በ1986ቱ የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ከፊቱ ሶረን ቡስክና ኢቫን ኒልሰን አጥቂዎችን ይይዛሉ፤ ሁለቱም ከሆላንድ ክለቦች የመጡ ናቸው። እንግዲህ የዴንማርክ የኋላ መስመር ሙሉ በሙሉ በስደት የተሠራ ነበር ማለት ይቻላል። አምበሉ ኦልሰን ያኔ 36 ዓመቱ ነው።

ሊቤሮ ምን እንደሆነ በአንድ ትዕይንት ማየት የሚፈልግ የዚያን ውድድር የዴንማርክና የምዕራብ ጀርመን ጨዋታ ይመልከት። መጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ኦልሰን ኳስ ይዞ ከኋላ ይነሳል። የሚገጥመው የለም። ይሮጣል፣ ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ይገባል፣ ቮልፍጋንግ ሮልፍ ይጥለዋል። ምቱን የስም ተጋሪው ጄስፐር ኦልሰን አስቆጠረ፤ ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ። የመጨረሻው ተከላካይ በተጋጣሚ ክልል ወደቀ፤ ቡድኑ ግን አልተጋለጠም፤ ሲወጣ ሌላው ቦታውን መሸፈን ያውቃልና።

ዴንማርክ ቀጥሎ በስፔን 5 ለ 1 ተሸነፈች። ጄስፐር በራሱ ክልል ያቀበለው የተሳሳተ ኳስ ለቡትራጌኞ የአቻነት ግብ ሆነ፤ ዴንማርኮች እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን ስሕተት በእሱ ስም ይጠሩታል። ሞርተን ግን ወደ ጀርመኑ ኮሎኝ አልፎ እስከ 1989 ተጫወተ፤ ለአገሩ 102 ጊዜ ተሰልፎ ጫማውን ሲሰቅል 40 ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በፍጥነት የሚጫወት ተከላካይ እስከዚያ ዕድሜ አይቆይም፤ ሊቤሮ ግን ኳሷ የምትሄድበትን ቀድሞ በማወቅ ይቆያል።

ታዲያ ዛሬ ሊቤሮ የት ሄደ? ያጠፋው ተከላካዮች ሰውን ትተው ቦታን በጋራ መጠበቃቸው ነው። አሪጎ ሳኪ ኤሲ ሚላንን በ1980ዎቹ መጨረሻ እንዳሰለጠነው አራቱ ተከላካዮች በአንድ መስመር ወደ ፊት ሲጠጉ፣ ከኋላቸው አምስት ሜትር የቀረ አንድ ሰው ከጨዋታ ውጭ የሚሆነውን አጥቂ ሁሉ ነፃ ያወጣዋል። በ1992 ደግሞ ከጓደኛው እግር የመጣለትን ኳስ በረኛ በእጁ እንዳይዝ ተከለከለ። ያን በጋ ዴንማርክ የአውሮፓን ዋንጫ ስታነሳ አምበሏ፣ ለቱርኩ ትራብዞንስፖር ይጫወት የነበረው ላርስ ኦልሰን፣ ከኋላ ሆኖ ኳሱን ለበረኛው ፒተር ሽማይክል እየመለሰ ጨዋታውን ማረጋጋት ይችል ነበር። ሕጉ የተለወጠው ከዋንጫው ማግስት ነው።

ሞርተን ኦልሰን ከ2000 እስከ 2015 የዴንማርክ አሰልጣኝ ሆነ። ቡድኑ በአራት ተከላካይ ይሰለፍ ነበር፤ ሊቤሮ የሚባል ሰው አልነበረውም። በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ሆላንድን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ አምበሉ የሊቨርፑሉ ዳንኤል አገር (Agger) ነበር፦ የመሃል ተከላካይ፣ ግራ እግረኛ፣ ኳሱን ዝም ብሎ ወደ ፊት ከመለጋት ይልቅ ይዞ መውጣት የሚወድ።