የሰውነት ገጽታ እሳቤ ምንድን ነው?

የሰውነት ገጽታ እሳቤ ማለት አንድ ሰው ስለ ገዛ ሰውነቱ በአእምሮው የያዘው ሥዕል፣ ስለዚያ ሥዕል የሚሰማው ስሜትና በዚያ ሳቢያ የሚያደርገው ነገር ነው። ሥዕሉ ከመስተዋቱ ጋር ላይስማማ ይችላል፤ ጤናማ ክብደት ያላት የ15 ዓመት ልጅ ራሷን ወፍራም፣ ትከሻው የሰፋ ጎረምሳም ራሱን ቀጫጫ አድርጎ ሊያይ ይችላልና።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ ሰው ቁርጥ ያለ መለኪያ ሲያጣ ራሱን ከሌሎች ጋር እያስተያየ ይመዝናል። የቀድሞው የጎንደር ወጣት የሚተያየው ከክፍል ጓደኛው ወይም በአፄ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ዙሪያ ለብሶ ካማረበት እኩያው ጋር ነበር። የዛሬው ፒያሳ ተቀምጦ ስልኩን ሲከፍት ግን፣ ተመርጠውና በፊልተር ተስተካክለው የሚቀርቡ ገጾች ይጠብቁታል፤ አንዱ ላይ ጥቂት ከቆየ ደግሞ መተግበሪያው ያንኑ የሚመስል ሌላ ያመጣለታል። ፊልተሩ አፍንጫን ያቀጥናል፣ ቆዳን ያለሰልሳል፤ ሲጠፋ የገዛ ፊት እንደ ጉድለት ይታያል።

እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ የፊጂ ታሪክ ነው፤ ሞላ ያለ ሰውነት እንደ እኛ ይመሰገንበት የነበረ አገር ነውና። ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ ናድሮጋ አውራጃ እንደገባ፣ አን ቤከር የተባሉት ተመራማሪ ከጠየቋቸው ልጃገረዶች መካከል ክብደት ለመቀነስ ብላ የበላችውን የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከተጠየቁት ሌሎች ተማሪዎች ግን 11.3 በመቶ የሚሆኑት እንደሚያደርጉት ተናገሩ።

የወንዶቹ ጭንቀት የሚዘነጋው ወንድ ልጅ ስለ መልኩ ማውራት ነውር ስለሚመስለው ነው። ብረት እያነሣም ጡንቻው ፈጽሞ የማይበቃው፣ ደረቱ ሰፍቶ እንዲታይ በጠራራ ፀሐይ ከሸሚዙ ሥር ሁለት ሹራብ የሚደርብ ልጅ አውቃለሁ፤ ላብ ሲያጠምቀው እንኳ አያወልቅም።

ለጥምቀት ከደባርቅ የመጡ አንዲት እናት የእህታቸውን ልጅ አገላብጠው ስመው፣ «እሰይ የኔ ልጅ፣ ወፈር ብለሽ አማረብሽ» ሲሏት ሰምቻለሁ። በእሳቸው አፍ ቃሉ ምርቃት ነበር። ልጅቱ ግን በስልኩ መለኪያ ሰማችውና፣ ዶሮው ቀርቦ ሳለ «ጠግቤአለሁ» ብላ ከማዕዱ ተነሣች።