«ዘር ከልጓም ይስባል»፦ የአነጋገሩ ትርጉም፣ መነሻውና የእንግሊዝኛ ቃላት ዝምድና

«ዘር ከልጓም ይስባል» የፈረሰኛ አገር አነጋገር ነው። ልጓም በፈረሱ አፍ የሚገባው ብረት ነው፤ ጋላቢው ዛቡን ሲስብ ብረቱ ምላሱንና መንጋጋውን ይጫነዋል፣ የጋለው ፈረስ ሳይወድ በግድ አንገቱን ይመልሳል። ተረቱ ይህን የሚያህል ኃይል አስቀምጦ «ዘር ይበልጠዋል» ይላል። «ከ» እዚህ ላይ ማበላለጫ ናት፤ ሲፈታ «ከልጓም ይልቅ ዘር ይስባል» ነው። «ከልጓም ውስጥ ይስባል» ብሎ የሚፈታው ሰው ነገሩን ከሥሩ ይስተዋል።

በሰሜን ሸዋ ሁለቱም፣ ልጓሙም ዘሩም፣ የዕለት ጉዳይ ነበሩ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ «አባ ዲና»፣ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ተብለው በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር። ርስት ይጠየቅ የነበረው ዘር ተቆጥሮ ነው፤ ለጋብቻም ሰባት ቤት ይቆጠራል። የመንዝ ሦስት ክፍሎች ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር የተባሉት በሦስት አባቶች ስም ነው ተብሎ ይነገራል። ስለዚህ አነጋገሩ በሁለት በኩል ይሠራል። ከአባቱ ርቆ ያደገ ልጅ የአባቱን አረማመድ ወይም ጠባይ ሲያሳይ በአድናቆት ይነገራል። በሽምግልና ላይ ደግሞ ዳኛው ወደ ዘመዱ ሲያደላ ወቀሳ ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው በድምፁ ነው።

ወደ ቃላት ስንመጣ አነጋገሩ ያለ ብዙ ድካም ይገጥማል። የግእዝ ሰዋስው መምህራን ከግሥ የሚወጣውን ስም ራሱን «ዘር» ይሉታል፤ «ጥሬ ዘር»፣ «ሳቢ ዘር» እያሉ ይከፍሉታል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አዘጋጅተውት በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላትም ቃሉን የሚያስቀምጠው ከዘሩ ጋር ነው፤ «መጽሐፍ»ን የሚፈልግ ሰው «ጸሐፈ» ዘንድ መሄድ አለበት።

ይህን ልማድ ይዞ እንግሊዝኛ ለሚማር ተማሪ ትልቅ ስንቅ አለ። በአማርኛ ሰበረ፣ ሰባራ፣ ስብራት፣ ስብርባሪ ስንል ሰ፣ በ፣ ረ ይጸናሉ፤ የሚለዋወጠው በመካከል ያለው አናባቢ ነው። እንግሊዝኛ ከላቲን የወረሳቸው ቃላት ግን ብዙውን ጊዜ ዘራቸውን ሳይበትኑ እንደ ድንጋይ ይይዙታል፤ ጭማሪው በፊት ወይም በኋላ ይመጣል። መስበርን የያዘው ዘር አር፣ ዩ፣ ፒ፣ ቲ የሚሉት አራት ፊደላት ናቸው። ኢንተራፕት፦ ንግግርን መሀሉ ላይ መስበር። ኢራፕት፦ ሰብሮ መውጣት፣ እንደ እሳተ ገሞራ። ባንክራፕት፦ የከሰረ፤ መነሻው በጣልያንኛ «የተሰበረ አግዳሚ» ማለት ነው፣ አግዳሚው የገንዘብ መንዛሪው ነው። ኮራፕት፦ የተበላሸ፣ ጉቦኛ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለአንድ ዘር አንድ ገጽ ይሰጣል። ዘሩ በገጹ መሀል በደማቁ ይጻፋል፤ ዙሪያውን ከአምስት ወይም ከስድስት ያልበለጡ ቃላት፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ጋር። ከዚያ በላይ ሲበዛ ቃላቱ ይደበላለቃሉ። በፊት የተጨመረው ፊደል በሌላ ቀለም ይጻፍ፣ የሚሳሳቱት እዚያ ላይ ነውና። ኢንተራፕት ሁለት አር አለው፤ አንዱ «ኢንተር» የሚያበቃበት፣ ሌላው ዘሩ የሚጀምርበት ነው። ኢራፕት ግን አንድ ብቻ ነው ያለው። ኮራፕትም ሁለት አር አለው፤ ከፊቱ የነበረው «ኮም» አር ሲገጥመው ኤሙን ወደ አር ለውጧልና። የኛ ተማሪዎች አንዱን የሚጥሉት በስንፍና አይደለም። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅን አያሳይም፤ «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉም «ገና ነው» የምንለውም አንድ ዓይነት ናቸው። በእንግሊዝኛውም ድርቡ አር ለጆሮ አይለይም። ስለዚህ ጆሮን ትቶ ጭማሪውና ዘሩ የሚገናኙበትን መቁረጫ ማየት ነው። ኮራፕሽን ሲባልም የሚሰማው «ሽ» ነው፣ የሚጻፈው ግን ያው ቲ ነው፤ ዘሩን ያወቀ ተማሪ ኤስ ኤች አይጽፍም።

ሰባት ቤት የመቁጠርን ያህል ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን መልክ ሲያታልል ነው። በራሳችን ቋንቋ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲናና ደብረ ሊባኖስ አንድ «ደብር» ይዘዋል፤ ድብርትም ደ፣ በ፣ ረ አለው፣ በትርጉም ግን አይገናኛቸውም። በእንግሊዝኛም ፒ፣ ኦ፣ አር፣ ቲ የሚሉት ፊደላት እንዲህ ናቸው። ኢምፖርት ወደ ውስጥ መሸከም፣ ኤክስፖርት ወደ ውጭ፣ ትራንስፖርት ወዲያ ማዶ፣ ሪፖርት ወሬን መልሶ ማምጣት፣ ሳፖርት ከታች ሆኖ መሸከም ነው። ስፖርት ሳይቀር ዘመዳቸው ነው፤ በድሮ ፈረንሳይኛ «ሐሳብን ከሥራ ወዲያ መውሰድ»፣ መዝናናት ከሚለው ቃል መጣ። ኤርፖርት ውስጥ ያለው ግን ወደብ ነው፣ የመሸከም ትርጉም የለውም። ፖርትሬይት ደግሞ ከመሳብ ወይም ከመሳል ወገን ነው፤ አራቱ ፊደላት የተገጣጠሙት በአጋጣሚ ነው። ፈተናው አንድ ነው፦ የዘሩን ትርጉም በቃሉ ውስጥ አስገብተህ አንብብ፤ እንቢ ካለ ከገጹ አውጣው።

ከነዚህ የተለዩ፣ ፊደል እንጂ ዘር የማይጋሩም አሉ። ኢ፣ ኤ፣ አር የሚሉት ሦስት ፊደላት «ጆሮ»፣ «ልብ»፣ «ድብ» እና «መማር» በሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ውስጥ ሁሉ አሉ፤ አነባበባቸው ግን ኢር፣ ሃርት፣ ቤር፣ ለርን ነው። «ጆሮ» (ኢር) እና «መስማት» (ሂር) እንኳ ይህን ያህል ቢመሳሰሉም ዘራቸው አንድ መሆኑ እርግጠኛ አይደለም። እንዲህ ያሉትን በዘር ገጽ ማስገባት ትርጉም ያዛባል። በደብተሩ መጨረሻ በድምፃቸው ተከፋፍለው ይቀመጡ፤ የሚጠኑትም ጮክ ተብሎ እየተነበበና እየተጻፈ ነው።