የተጋላጭነት ገደብ ምንድን ነው? «ከገደቡ በታች» ሲባልስ ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን በአንድ ውይይት ላይ በቀለም ርጭት ክፍል ስለሚሠሩ ሰዎች ሲነሣ፣ አንድ አስተያየት ሰጪ የላብራቶሪ ወረቀት አውጥቶ «ልኬቱ ከገደቡ በታች ነው፤ ስለዚህ ጉዳት የሚባል ነገር የለም፤ ሠራተኞቹ ዝም ብለው ነው የሚያማርሩት» አለ። ይህን አባባል ከሥራ አስኪያጆች፣ ከጠበቆች፣ አንዳንዴም ከሐኪሞች አፍ ስሰማ ዓመታት ሆነኝ። ልኬቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከልኬቱ የተቀዳው መደምደሚያ ግን ስህተት ነው፤ በዚህ ስህተት ደግሞ ሰው ይታመማል።

ትርጉሙ አጭር ነው። የተጋላጭነት ገደብ ማለት በቀን 8፣ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው በሚተነፍሰው አየር ውስጥ በአማካይ ሊኖር የሚፈቀደው የአንድ ኬሚካል መጠን ነው። ለአንዳንድ ኬሚካሎች የ15 ደቂቃ ገደብም ይጨመራል። በዚህ ሥራ በዓለም በስፋት የሚጠቀሰውን ዝርዝር የሚያወጣው የአሜሪካ መንግሥታዊ የኢንዱስትሪ ንጽህና ባለሙያዎች ጉባኤ፣ ቁጥሮቹ ደህናውን ከአደገኛው የሚለዩ ስስ መስመሮች እንዳልሆኑ ራሱ በግልጽ ጽፏል። ይጠብቃል ብሎ የሚገምተውም ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሠራተኛ እንጂ እያንዳንዱን ሠራተኛ አይደለም። ወረቀት ይዘው የሚከራከሩት ሰዎች ይህን ገጽ ሲያነቡ አላየሁም።

ገደቡን መንገድ ዳር እንደቆመ የፍጥነት ሰሌዳ አድርጋችሁ አስቡት። ሰሌዳው 60 ይላል። በ59 የሚነዳ ሰው ሕግ አልጣሰም፤ እግረኛ ግን ሊገጭ ይችላል። በ61 የሚነዳውም ወዲያው አይገለበጥም። 60 የመንገዱን ስፋት፣ የመኪኖቹን ዓይነት፣ ሰው ምን ያህል መዘግየት እንደሚታገሥ ያመዛዘኑ ሰዎች የተስማሙበት ቁጥር ነው። ጭጋግ ሲወርድ ወይም ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ያው 60 ይበዛል። ሰሌዳው የተተከለበት ዘመንም ለውጥ ያመጣል፤ ስለ አደጋ የሚታወቀው ሲጨምር አዲሱ ቁጥር ይወርዳል፣ አሮጌው ሰሌዳ ግን የሚነቅለው እስኪመጣ ድረስ እዚያው ይቆማል።

በኬሚካሎች ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ቤንዝንን እንውሰድ። ለመኪና የምንቀዳውን ነዳጅ ማለቴ ሳይሆን፣ በነዳጁ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘውንና መቅኔን እየጎዳ የደም ካንሰር የሚያመጣውን ፈሳሽ ማለቴ ነው። ያው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1946 ለቤንዝን ያወጣው ገደብ 100 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ አየር 100 እጅ ነበር። በ1997 ወደ 0.5፣ በ2024 ደግሞ ወደ 0.02 ወረደ። ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር 5000 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የሰው መቅኔ ያው ነው። በ1946 በ90 ፒፒኤም ውስጥ ሲሠራ የኖረ ሰው «ከገደቡ በታች» ነበር፤ ወረቀቱም እንከን አልነበረውም።

ሕጉ ደግሞ ከሳይንሱም ኋላ ይጎተታል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ1978 ሕጋዊውን የቤንዝን ገደብ ከ10 ወደ 1 ፒፒኤም ሊያወርድ ሲል ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 ደንቡን ሻረው፤ 1 ፒፒኤም የጸናው በ1987 ነው። ስለዚህ 0.9 ፒፒኤም የተለካበት ክፍል በዚህ ሕግ የተፈቀደ ሲሆን፣ በጉባኤው የ2024 ዝርዝር ግን ከገደቡ 45 እጥፍ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ አየር። ድንጋይ ሲፈለጥና ኮንክሪት ሲቆረጥ በሚነሣው የሲሊካ ብናኝም እንደዚሁ ሆኗል። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ50 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ የአሜሪካ የሥራ ጤና ምርምር ተቋም ያሳሰበው በ1974 ሲሆን፣ ሕግ የሆነው በ2016 ነው። ሕጉን ያወጣው መሥሪያ ቤትም በ50 ላይ እንኳ ጉልህ አደጋ እንደሚቀር ሳይደብቅ ጽፏል። በዚያ ቁጥር ላይ የወሰነው ከዚያ በታች መውረድ በብዙ የሥራ ዓይነቶች በቴክኒክ የሚቻል ሆኖ ስላላገኘው ነው።

እኔ ገደብ አይውጣ አልልም። በ1974 በኬንታኪ ግዛት ሉዊቪል ከተማ በአንድ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ እጅግ ብርቅ የሆነ የጉበት ካንሰር ሲገኝ፣ እዚያ ይሠሩበት የነበረው የቪኒል ክሎራይድ ጋዝ ገደብ ከ500 ወደ 1 ፒፒኤም ተቆረጠ። ያኔ ኢንዱስትሪው ይዘጋል ተብሎ ነበር፤ አልተዘጋም፤ ብዙ ሠራተኛም ተረፈ። የምቃወመው ቁጥሩን የጤና ምስክር ወረቀት ማድረግን ነው። ጀርመኖች በዚህ ረገድ ግልጽ ናቸው። ካንሰር ለሚያመጡ ኬሚካሎች ከቁጥሩ ጎን የሚቀረውን አደጋ ይጽፋሉ፤ የላይኛው ወሰን ዕድሜ ልካቸውን በዚያ አየር ከሚሠሩ 1000 ሰዎች 4ቱ ተጨማሪ ካንሰር ሊያገኛቸው የሚችልበት ነው። 4 ሰው ይብዛም ይነስም በጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ መከራከር ይቻላል።

የፍጥነት ሰሌዳው ምሳሌ እስከዚህ ድረስ ይሄዳል፤ ከዚህ በኋላ ግን ይጎድላል። መንገድ ላይ ግጭት ሲደርስ ድምፁ ይሰማል። በአስቤስቶስ ክር የሚመጣው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ግን በአብዛኛው የሚታየው የመጀመሪያው ብናኝ ከተሳበ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። ሲሊኮሲስ፣ ማለትም በሲሊካ ብናኝ የሚመጣው የሳንባ በሽታ፣ ሰውየው ሥራውን ከለቀቀ በኋላም ሊብስ ይችላል። እርሳስ የተባለው ብረት ከደም ውስጥ በወራት እየቀነሰ ይሄዳል፤ አጥንት ውስጥ ግን ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል፣ በእርግዝና ወይም በእርጅና አጥንት ሲሳሳ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። በማስቲሽና በማጽጃ ፈሳሾች ውስጥ የሚገኘው ሄክሴን የእግርና የእጅ ነርቭን ይጎዳል፤ መደንዘዙ ሰውየው ከኬሚካሉ ከራቀ በኋላ እንኳ ለወራት እየጨመረ ሊሄድ ይችላል።

ያው አስተያየት ሰጪ «እኔ ራሴ 20 ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ ይኸው ደህና ነኝ» ሲል ጨመረ። ለጤናው ደስ ይለኛል። ክርክሩ ግን የሚቆመው የታመሙትም አብረውት ቢቀመጡ ነበር። የታመመ ሰው ሥራ ይለቃል፣ ወደ ቀላል ሥራ ይዛወራል፣ ወይም ይሞታል፤ ከ20 ዓመት በኋላ እዚያው የሚገኘው የተረፈው ነው። የእኛ ሙያ፣ የሥራ ጤና፣ ይህንን «የጤነኛ ሠራተኛ ውጤት» ይለዋል፤ ሠራተኞችን ከአጠቃላይ ሕዝብ ጋር የሚያወዳድሩ ጥናቶችን ሁሉ ያዛባል። ፋብሪካ ውስጥ ያሉትን ብቻ ቆጥሮ «ሠራተኞቻችን ከሌላው ሰው ይልቅ ጤነኛ ናቸው» የሚል ዘገባ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ለቀቁት ነው።

ወደ ልኬቱ እንመለስ፤ ችግሩ የሚገኘው እዚህ ነው። ልኬት የሚወሰደው በሠራተኛው ወገብ ላይ በሚታሰር ትንሽ ፓምፕ ነው። ከፓምፑ የሚወጣው ቱቦ ኮሌታው ላይ፣ ከአፍንጫው ከ30 ሳንቲሜትር ባልራቀ ቦታ ይያዛል። አየሩ በከሰል በተሞላ ቀጭን ብልቃጥ ውስጥ ሲያልፍ ኬሚካሉ እዚያ ይቀራል፣ ብልቃጡ ላብራቶሪ ይሄዳል። ከዚያ የሚመጣው አንድ ቁጥር ነው፣ የቀኑ አማካይ። እስቲ የቤንዝን ታንክ የሚያጥብ ሰው እናስብ። ለግማሽ ሰዓት ታንኩ ውስጥ 14 ፒፒኤም ይተነፍሳል፤ የቀረውን 7 ሰዓት ተኩል 0.1 በሆነ ክፍል ያሳልፋል። የ8 ሰዓቱ አማካይ 0.97 ይሆናል። ከ1 በታች ነው፤ ወረቀቱ ያልፋል። ነገር ግን የአሜሪካው ሕግ ለ15 ደቂቃ የሚፈቅደው 5 ብቻ ነው፤ ሰውየው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ተንፍሷል። የ15 ደቂቃውን ልኬት ማንም ካልወሰደ ይህ ግማሽ ሰዓት በአማካዩ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ፓምፑ የታሰረው ታንክ በማይታጠብበት ቀን ከሆነማ ጭራሽ አይታይም።

በአንድ ቀን በአንድ ሰው ላይ የተወሰደ ልኬት ከገደቡ ጥቂት ማነሱ ብዙ አይናገርም፤ የአንድ ሠራተኛ ተጋላጭነት ከቀን ወደ ቀን በብዙ እጥፍ ይለያያል። ኢኤን 689 የተባለው የአውሮፓ የመለኪያ ደረጃ በ3 ልኬት ብቻ «ገደቡ ተጠብቋል» ለማለት ሦስቱም ከገደቡ 10 በመቶ በታች እንዲሆኑ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። 80 በመቶ ላይ የቆመ አንድ ልኬት ይዞ ማረጋጋት በሙያችን ተቀባይነት የለውም።

ማንም ባይጠይቀኝም ልጨምር። ገደቡ የሚቆጥረው የተተነፈሰውን ብቻ ነው። በቲነር እጁን የሚታጠብ ሠራተኛ በቆዳው የሚያስገባው በፓምፑ ውስጥ አይገኝም። ገደቡ የወጣው ለ8 ሰዓት ስለሆነ በ12 ሰዓት ሺፍት ሲሠራ መቀነስ አለበት፤ በብዛት በምንጠቀምበት ስሌት በግማሽ ይወርዳል፣ ምክንያቱም የሥራው ሰዓት ሲረዝም ሰውነት የሚያርፍበትና የሚያጸዳበት ሰዓት ያጥራል። ነርቭን የሚጎዱ ሁለት ፈሳሾች እያንዳንዳቸው የገደባቸው 60 በመቶ ላይ ቢሆኑ በወረቀት ሁለቱም ያልፋሉ፤ ሲደመሩ ግን 120 በመቶ ናቸው። የመኪና ቀለምን የሚያጠነክሩት አይሶሳያኔቶች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው፤ ሰውነቱ አንዴ ከተቆጣበት ሰው ከገደቡ እጅግ ያነሰ መጠን አስም ሊቀሰቅስበት ይችላል። ለዚህ ሰው ገደቡ ትርጉም የለውም፤ ከዚያ ሥራ መውጣት አለበት። አፍንጫም አይታመንም። አብዛኛው ሰው ቤንዝንን የሚያሸተው ከ1 ፒፒኤም ካለፈ በኋላ ነው፤ የብዙ ፈሳሾች ሽታም በደቂቃዎች ውስጥ ይለመድና ይጠፋል። እና ደግሞ በሥራ ላይ ካሉት ኬሚካሎች መካከል የጉባኤው ገደብ የወጣላቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው። ገደብ የሌለው ነገር ሁሉ በወረቀቱ ላይ «አልተለካም» ከመባል ይልቅ ጭራሹን አይጠቀስም።

ስለዚህ «ከገደቡ በታች» የሚል ወረቀት ሲሰጣችሁ ለመፈረም አትቸኩሉ። የማን ገደብ ነው፣ የየትኛው ዓመት? ፓምፑን ያሰረው ማን ነበር፣ በዚያ ቀን ምን ይሠራ ነበር? ስንት ቀን ተለካ? የአጭር ጊዜ ልኬት አለ? ሺፍቱ ስንት ሰዓት ነው? አብረው የነበሩት ሌሎች ኬሚካሎችስ? እነዚህን መመለስ የማይችል ሪፖርት ምንም አላረጋገጠም። የወረቀቱን ቅጂ፣ የኬሚካሎቹን ስምና የሠራችሁበትን ዓመት ለየብቻችሁ አስቀምጡ። የአሜሪካ ሕግ አሠሪው የተጋላጭነት መዝገብን ለ30 ዓመት እንዲያቆይ የሚያስገድደው በሽታው የሚዘገየው ያን ያህል ስለሆነ ነው፤ ያኔ ፋብሪካው ተሸጦ ወይም ፈርሶ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪሙም ከ30 ዓመት በፊት ምን ይተነፍሱ እንደነበር የሚጠይቀው እናንተን ነው።