ጤፍ የሚቆላ ምላስ ብቻ አይበቃም፦ ስለ አደባባይ ንግግር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ሰው ሐሳቡን ለመናገር የሚቸገርባት ከተማ አይደለችም። የቀፊራ ነጋዴ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ስለ ውሃው፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ሥራ አጥነቱ ሲያወራ አፍ ያስከፍታል። ያው ሰው የቀበሌ አዳራሽ ገብቶ ማይክ ሲጨብጥ ግን «በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ…» ብሎ ይጀምርና ሦስት ደቂቃው እዚያው ላይ ያልቃል። ድፍረት አጥቶ አይደለም። ስለ ንግግር ጥበብ ተደጋግመው የሚባሉ አንዳንድ ነገሮች አሳስተውት ነው።

«የንግግር ጥበብ ማለት ሰውን ማታለል ነው»

«ዲስኩር» የሚለው ቃል ራሱ ስድብ ወደ መሆን ተጠግቷል፤ ያለምክንያትም አይደለም። በሚያዝያ 1969 መንግሥቱ ኃይለማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ደም የሚመስል ነገር የተሞሉ ጠርሙሶችን መሬት ላይ ሲፈጠፍጥ ቃልና ዕቃ ተጋግዘው ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ አገር አይቷል። ቀይ ሽብርን ያየ ትውልድ የመድረክ ንግግር ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

መሣሪያው ግን ያው አንድ ነው፤ ለመቀስቀስም ለማሳመንም ያገለግላል። አድማጭ ሁለቱን የሚለይበት ቀላል መንገድ አለ። ንግግሩ ውስጥ ሄዶ ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ይፈልግ፦ ቦታ፣ ቀን፣ መጠን፣ ኃላፊነት ያለበት አካል። ከአራቱ አንዱም ከሌለ ሙቀት ብቻ ነው። ቀጥሎ ቁጣው ወዴት እንደሚያመለክት ይይ፤ ወደ ተሠራ ወይም ወዳልተሠራ ሥራ ነው ወይስ ወደ ሰዎች ብሔርና ሃይማኖት? ሁለተኛው ጥላቻን እስከመቀስቀስ ከደረሰ ከሥነ ምግባር ጥያቄ አልፎ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው።

«እውነት ከሆነ ራሱ ይናገራል፤ ማሳመር አያስፈልገውም»

ከሁሉም በላይ ጉዳት ያለው ይህኛው ሳይሆን አይቀርም። ደቻቱን እንይ። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ጎርፉ የሚመጣው ከከተማዋ ሰማይ ሳይሆን ከደንገጎ በኩል ካለው ደጋ ስለሆነ ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ሰው በተኛበት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

«ዝናብ ሲጥል ከወንዙ ራቁ» የሚል ማስታወቂያ ሐሰት አይደለም፤ ግን የሚጠቅም አይደለም። አድማጩ ቀና ብሎ ኮከብ ካየ ምክሩ ለሌላ ቀን እንደሆነ አድርጎ ይወስደዋል። «ማታ በደንገጎ በኩል መብረቅ ካያችሁ፣ እዚህ ባይዘንብም፣ አሸዋው ላይ ያለ ዕቃችሁን አንሡ፤ ልጆችን አስወጡ» ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል። በዓይን የሚታይ ምልክት አለ። የሚደረገውም ተነግሯል። መሐል ላይ ያለችው «እዚህ ባይዘንብም» ደግሞ አድማጩ በልቡ የሚያነሳውን ተቃውሞ ቀድማ ትመልሳለች። የንግግር ጥበብ ዋናው ሥራ ያቺ ሐረግ ናት። እውነቱ በሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አለ፤ ዕቃ የሚያስነሳው ግን አንዱ ነው።

«ተናጋሪነት ሲወለድ የሚሰጥ ጸጋ ነው»

በቀድሞው የሙግት ሥርዓት «በላ ልበልሃ» እያሉ የሚከራከሩ ጠበቆች ግጥሙን፣ ጥያቄ አቀራረቡን፣ ማስያዣውን ችሎት ለችሎት እየዞሩ ሲሰሙ ነበር የሚማሩት። ዛሬም መዋቅሩን ያወቀ ዓይን አፋር ሰው፣ መዋቅር ከሌለው ምላሰኛ ይበልጥ ይሰማል።

ለሦስት ደቂቃ የሚሆን ጽሑፍ ከአንድ ገጽ የእጅ ጽሑፍ ብዙም አይበልጥም። መጀመሪያ ጥያቄው ይቅደም፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ። ለዚህ 20 ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ አንድ የሚታይ ነገር ለአንድ ደቂቃ ያህል፤ ማስረጃው፣ ማለትም ልኬት፣ ፎቶ ወይም ቀደም ሲል የገባ ደብዳቤ ቀኑና ቁጥሩ፣ ሌላ አንድ ደቂቃ። በቀረው ጊዜ ኃላፊው ሊያነሳው የሚችለውን ሰበብ ቀድሞ መመለስና ጥያቄውን በዚያው ቃል መድገም ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ጥያቄው ላይ ነው። «የጎርፍ ችግራችን ይታይልን» የሚለውን ብንወስድ «ይታይልን» ውስጥ አድራጊ የለም። ስለዚህ መልሱም «ይታያል» ይሆናል፤ እዚያም ውስጥ አድራጊ የለም። ጠያቂም ተጠያቂም ተስማምተው ይለያያሉ። በምትኩ ለምሳሌ እንዲህ ቢባል፦ «ከድልድዩ በታች የተናደው የመከላከያ ግንብ 12 ሜትር ነው፤ በሜትር ለክተነዋል። ክረምቱ ሳይገባ፣ እስከ ግንቦት 30 እንዲጠገን የሚወስነው የትኛው ክፍል ነው? ዛሬ ንገሩን።» እዚህ ላይ «ይታያል» ብሎ ማምለጥ ያስቸግራል።

ሁለተኛው ስህተት አምስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ማቅረብ ነው። መድረኩ ከአምስቱ ቀላሉን መርጦ ይመልስና ስብሰባው «መልስ ተሰጥቶበታል» ተብሎ ይዘጋል። ውሃውን አንዱ፣ መብራቱን ሌላው፣ ግንቡን ሦስተኛው ሰው እንዲያነሳ ከስብሰባው በፊት መከፋፈል ይሻላል።

«በከባድ አማርኛ ካልተናገሩ ክብር የለም»

ድሬ ላይ ይህ ፈጽሞ አይሠራም። «አቦ!» ብሎ የሚግባባ ሰው «ከዚህ ጋር በተያያዘ መልኩ ከማረጋገጥ አኳያ» ሲባል ስልኩን ማየት ይጀምራል። በሌላ በኩል የመንገዱን ቀላል «አንተ» መድረክ ላይ ይዞ መውጣትም ያስቀይማል። ሽማግሌ የሚጠራው በእርስዎ ነው፤ ቋንቋው ግን የሰፈሩ ይሁን።

ከዚህ የሚከብደው የትርጉም ጉዳይ ነው። ከመጋላ፣ ከገንደ ቆሬና ከከዚራ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ሊያስፈልግ ይችላል። የ10 ደቂቃ ንግግር በሁለት አስተርጓሚ ከ30 ደቂቃ ያልፋል፤ በድሬ ሙቀት ያን ያህል የሚታገሥ የለም። ስለዚህ ንግግሩ 4 ደቂቃ ይሁን፤ ዓረፍተ ነገሩ ይጠር፤ በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ ለአስተርጓሚው ይቆም። ሰምና ወርቅ ያለው አነጋገር በትርጉም ሰሙ ብቻ ስለሚሻገር መተው ነው። ጽሑፉ ለአስተርጓሚው ከአንድ ቀን በፊት ይድረስ። ቁጥርና የቦታ ስም ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ቆሞ የሚተረጉም ሰው ያልጠበቀው ሲሆን ነው። ሰዓቱን በተመለከተ ደግሞ ጠዋት ከ2:30 እስከ 4:30 ያለው ይመረጣል፤ ከቀትር በኋላ የተጠራ ስብሰባ ከፀሐይም ከበርጫም ጋር ይፎካከራል።

«መፈክር ጩኸት ነው»

«መሬት ላራሹ» ሁለት ቃል ነው። በየካቲት 1957 ተማሪዎች ወደ ፓርላማ ይዘውት ሲወጡ ግን ምን እንደሚፈለግና ለማን እንደሚፈለግ ሁለቱንም ይዟል፤ ሲጮኽም ምት አለው። የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው፤ አሥር ዓመት አልፎ። በመሐል ጽሑፍ፣ ክርክር፣ ስብሰባ፣ እስራት ነበር። መፈክሩ ያንን ሁሉ አልተካም፤ ያያያዘው ግን እሱ ነው። «ፍትሕ ለሁሉም» ከሚለው ጋር አስተያዩት፤ እሱን የሚቃወም ሰው ስለሌለ የሚያስገድደውም የለም።

«ሐሰተኛ ወሬ ሲነዛ ወሬውን ደጋግሞ መካድ ነው»

«ውሃው ተመርዟል የሚባለው ውሸት ነው» ብሎ በባጃጅ ድምፅ ማጉያ መዞር «ተመርዟል» የሚለውን ቃል ላልሰማው ሰፈር ማድረስ ነው። እውነቱ ይቅደም፦ ውሃው መቼ ተመረመረ፣ ማን መረመረው፣ ውጤቱ ምን ሆነ። ወሬው መጠቀስ ካለበት መሐል ላይ አንዴ ይጠቀስና በእውነቱ ይዘጋ። ተናጋሪው ማን እንደሆነም ያመዝናል። ኢማሙ፣ ቄሱ ወይም የዕድር ዳኛው የሚነግሩት ነገር ከማያውቁት ሰው ከሚሰማው በፊት ይታመናል።

«ሰልፍ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል»

የሰላማዊ ሰልፍና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው። መሥሪያ ቤቱ ቦታው ወይም ሰዓቱ ይለወጥ ሊል ይችላል፤ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ጨርሶ አይካሄድም ማለት ግን አይችልም። በተግባር «አልተፈቀደም» የሚል መልስ እንደሚሰማ የታወቀ ነው። ለዚህም የደብዳቤው አጻጻፍ ይወስናል። «ፈቃድ እንዲሰጠን በትህትና እንጠይቃለን» ብሎ የጻፈ ሰው በገዛ እጁ የመከልከል ሥልጣን ሰጥቷል። «እናሳውቃለን» ተብሎ ይጻፍ፤ ዓላማ፣ ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፣ የአዘጋጆቹ ስምና ፊርማ ይግባበት፤ በቀሪው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ይደረግ።

«ጥሩ ከተናገርን ይሳካል»

ሰኔ 23 ቀን 1928 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ተናገሩ። ከሁለት ወር በፊት በዚሁ በድሬዳዋ በኩል በባቡር ወደ ጅቡቲ ያለፉ ስደተኛ ንጉሥ ነበሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞክረዋል። ንግግሩ በምሬት ብቻ የተሞላ አልነበረም። መርዙ ከአውሮፕላን እንዴት እንደተረጨ፣ 9፣ 15፣ 18 አውሮፕላኖች እየተከታተሉ ጉሙን እንዴት አንድ ወጥ እንዳደረጉት በቁጥር ተናግረዋል። ያም ሆኖ በጣሊያን ላይ የነበረው ማዕቀብ ብዙም ሳይቆይ ተነሣ።

ንግግሩ ግን በመዝገብ ላይ ቀረ። በኋላ ማንም «አልተነገረንም» ሊል አልቻለም። የቀበሌ ስብሰባም ትንሽ ቢሆን ሥራው ተመሳሳይ ነው። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው ከመድረኩ ጥግ ተቀምጦ አሳጥሮ ይጽፋል፤ «ነዋሪዎች የጎርፍ ችግር አንሥተዋል» ብሎ ከጻፈ 12 ሜትሩም ግንቦት 30ም ጠፉ። ስለዚህ ጥያቄው በሁለት መስመር በወረቀት ተጽፎ ንግግሩ እንዳለቀ ለጸሐፊው ይሰጥ፤ ስብሰባው ሳይበተንም ተጽፎ እንደሆነ እንዲነበብ ይጠየቅ።