ፖዊስ፦ የበግና የውሃ አገር

በዌልስ በስፋት ፖዊስን የሚያህል አውራጃ የለም። 5,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዌልስን ሩብ ይይዛል። ሰው ግን ጥቂት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ቆጠራ የተገኘው 133 ሺህ ያህል ነዋሪ ብቻ ነበር። አውራጃው በ1974 ሞንትጎመሪሻየር፣ ራድኖርሻየርና ብሬክኖክሻየር ተጠቃለው የተመሠረተ ሲሆን፣ ትልቁ ከተማው ኒውታውን ነው።

በደቡብ በኩል 886 ሜትር የሚደርሰው የፔን ኢ ቫን ተራራ ቆሟል። በምዕራብ ካለው የፕሊንሊሞን ተራራ ደግሞ የብሪታንያ ረጅሙ ወንዝ ሴቨርን ይነሳል።

ከተራራው ላይ የማይጠፋው በግ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ደስ ይለኛል። በብዙ ቦታ ከፍተኛው ግጦሽ አጥር የለውም። ሆኖም መንጋው ከለመደው ቦታ ብዙም አይርቅም። እናቲቱ በግ ድንበሩን ታውቃለች፤ ግልገሏም እግር እግሯን እየተከተለ ይማራል። ገበሬዎቹ ይህን የለመዱትን ቦታ በዌልስኛ «ከኔቪን» ይሉታል። በ2001 አፍተግር የተባለው ተላላፊ የከብት በሽታ ገብቶ መንጋው ሲታረድ የጠፋው በጉ ብቻ አልነበረም፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው እውቀትም አብሮ ሄደ። በገንዘብ የሚተካ ነገር አይደለም።

ሌላው ሀብት ውሃ ነው፤ የሚጠጡት ግን በአብዛኛው ሩቅ ያሉ የእንግሊዝ ከተሞች ናቸው። የኢላን ሸለቆ ግድቦች በ1904 ተመረቁ። ከዚያ ተነስቶ እስከ በርሚንግሃም 118 ኪሎ ሜትር ያህል ውሃው ያለ ፓምፕ፣ በቁልቁለቱ ብቻ ይወርዳል። በሰሜን ያለው የቨርንዊ ሐይቅ ደግሞ ሊቨርፑልን ለማጠጣት በ1880ዎቹ የተሠራ ነው።

ስለ ቨርንዊ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የድንጋይ ግድቡ ውበት ነው። እውነትም ያምራል። እኔ ግን መጀመሪያ መነሳት ያለበት ላንውዲን ነው እላለሁ፤ ውሃው የዋጠው መንደር። ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መጠጥ ቤቱ ሁሉ ፈርሶ ነዋሪው ወደ አዲስ መንደር ተዛወረ። የሙታኑ አፅም ሳይቀር ተቆፍሮ ወጥቶ በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ዳግም ተቀበረ። በ2022 ድርቅ ውሃው ሲሸሽ የአሮጌው መንደር ፍርስራሽ ብቅ ብሎ ታይቷል።