የቻምበር ሙዚቃ ፌስቲቫል ደብረ ብርሃን ላይ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የቻምበር ሙዚቃ (ጥቂት ሙዚቀኞች አብረው የሚጫወቱት ሙዚቃ) ፌስቲቫል ይኑር የሚል ወሬ ከተነሳ መልሱ ቶሎ ነው የሚመጣው። «አዳራሹ የታለ? ፒያኖው የታለ? ማንስ ይመጣል?» ጥያቄዎቹ ክፋት የለባቸውም። ግን አብዛኞቹ የስታዲየም ኮንሰርት ልማድ የወለዳቸው ናቸው።

«ቻምበር ሙዚቃ ሰው ያነሰው ኦርኬስትራ ነው»

አይደለም። ኦርኬስትራ ውስጥ አንዱን ዜማ አስር ቫዮሊን አብሮ ሊጫወተው ይችላል። ቻምበር ሙዚቃ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ድርሻ የአንድ ሰው ነው። ስትሪንግ ኳርቴት የሚባለው ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቫዮላና አንድ ቼሎ ነው። ፊት ቆሞ የሚመራቸው የለም፤ በዓይንና በትንፋሽ ነው የሚግባቡት። አንዱ ቢስት የሚሸፍንለት የለም። ይህን ለማየት ቅርብ መቀመጥ ያስፈልጋል።

«ትልቅ ከተማና ትልቅ አዳራሽ ይፈልጋል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የቼሎ ሊቁ ፓብሎ ካሳልስ የስፔኑን አምባገነን የፍራንኮን መንግሥት ሸሽቶ ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ፕራድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀመጠ። ፍራንኮን ዝም ብሎ የተቀበለ ዓለም ፊት አልጫወትም ብሎ መድረክ ተወ። እ.ኤ.አ. በ1950 የሙዚቃ ደራሲው ባኽ 200ኛ ሙት ዓመት ሲደርስ ሌሎች ሙዚቀኞች መላ መቱ። አንተ ካልመጣህ እኛ እንምጣ አሉት። ፌስቲቫሉ እዚያው ፕራድ ተጀመረ፤ በከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ተጫወቱ። ፕራድ የተመረጠችው ሰውየው እዚያ ስለነበረ ብቻ ነው።

(እኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቫዮሊን ይዞ መግባት የሚታሰብ አይደለም። አያስፈልግምም። የትምህርት ቤት አዳራሽ ይበቃል።)

ፊንላንድ ውስጥ ኩህሞ የምትባል ከተማ አለች። በሩሲያ ድንበር አቅራቢያ፣ ጫካ የከበባት፣ ከዋና ከተማው የራቀች ናት። ሴፖ ኪማነን የተባለ የቼሎ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1970 ፌስቲቫል ጀመረባት። ዛሬም ሐምሌ ሲመጣ ሰው ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ይሄዳል። ርቀቱ ራሱ ጠቅሟል፤ እዚያ የደረሰ ሰው በማግስቱ ወደ ሥራው አይሮጥም።

የእኛ ችግር እንዲያውም ቅርበቱ ይመስለኛል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሙዚቀኛው ጠዋት መጥቶ፣ ተጫውቶ፣ ማታ ቤቱ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ከሆነ የአዲስ አበባ ኮንሰርት ተጭኖ መጣ እንጂ ፌስቲቫል ተደረገ አይባልም።

«ዋናው ኮንሰርቱ ነው፤ ልምምዱ የጓዳ ሥራ ነው»

አሜሪካ ቨርሞንት ውስጥ ያለው የማርልቦሮ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ1951 ሲጀመር ይህን ገልብጦታል። አንጋፋና ወጣት ሙዚቀኞች በጋውን አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ለሳምንታት ይለማመዳሉ። ከተለማመዱት ውስጥ ለሕዝብ የሚቀርበው ጥቂቱ ነው። እንግዲህ እኛ ጋ በሩን ከፍተን ተማሪዎች ልምምዱን ቢያዩትስ? አራት ሰው አንዲት መስመር ላይ ሲከራከር ማየት ከኮንሰርቱ የበለጠ ያስተምራል።

«ያለ ፒያኖ አይሆንም»

ይሆናል። ኳርቴት ፒያኖ አይፈልግም፤ የሙዚቃ ደራሲው ሃይደን ብቻውን 68 ጽፏል። ደግሞ የእኛ ብርድ ፒያኖን ከቅኝት ለማውጣት ጊዜ አይፈጅበትም።

«የፈረንጅ ነገር ነው፤ የኛ ሰው አይሰማውም»

በዐቢይ ጾም በገና ቀርቦ የሰማ ሰው ይህን ባይል ጥሩ ነው። አስሩ አውታር ከእንዝራው (ከሥሩ ካለችው ቁራጭ ቆዳ) ጋር እየተነካካ ሲነዝር ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰውም ወሬውን ትቶ ጠጋ ይላል። ጸጥ ብሎ ማዳመጥን ከውጭ አላመጣነውም።

ግን ተቃራኒውም ልክ አይደለም። «እንግዲያው በገናም ቻምበር ሙዚቃ ነው» የሚሉ አሉ። በገና ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው እየደረደረ የሚዘምርበት መንፈሳዊ መሣሪያ ነው። ለፕሮግራም ማሳመሪያ በኳርቴትና በኳርቴት መሀል ቢሰካ ለማንም ክብር አይሆንም። ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ሌላ ናቸው፤ ከሌላ መሣሪያ ጋር መነጋገር ይችላሉ። ጥሩ የሚሆነው ግን አዲስ ሥራ ሲጻፍላቸው ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ፍሉትን፣ ክላሪኔትንና ቫዮሊንን ኮቶ ከሚባለው የጃፓን ባለ አውታር መሣሪያ ጋር አገናኝቶ ጽፏል። ጃፓን ከተደረሰ ዋሽንት ምን ይርቃል?

«ወሩ የትኛውም ቢሆን ለውጥ የለውም»

በጣም አለው! ክረምት ቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝናብ ሲወርድ ኳርቴት ይቅርና ጎረቤትህም አይሰማም። ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ አለ፤ የማታው ብርድም የቫዮሊን ተጫዋቹን ጣት ያደርቃል። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ታዳሚው እዚያ፣ ሙዚቀኛውም እዚያ። ምርጫው የእኔ ቢሆን ጥቅምት ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አደርገዋለሁ። ዝናቡ ቆሟል፣ አዝመራው ገና ነው፣ ፀሐይም አለች። ለሊቱ ግን ቀልድ አይደለም፤ «የጥቅምት አበባ» ብሎ ስስ ሹራብ ለብሶ የሚመጣ እንግዳ ጋቢ ይበደራል።

«የት ላይ እንደሚጨበጨብ የማያውቅ ይዋረዳል»

በአንድ የሙዚቃ ሥራ ክፍሎች መሀል ዝም የማለት ልማድ ኋላ የመጣ ነው። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1778 ከፓሪስ ለአባቱ ሲጽፍ፣ ሲምፎኒው ገና ሳያልቅ ሰው ማጨብጨቡን በደስታ ነው የነገረው።